የመስኮቱ ወገን ወንበር

በምክር ቤቱ ሕንፃ ምድር ቤት፣ ከጄኔሬተሩ ክፍል አጠገብ፣ አንዲት መዝገብ ያዥ ነበረች። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ እዚያች ክፍል ውስጥ ተቀምጣ ሰው የተናገረውን ስታስቀምጥ ኖራለች። መሳቢያ ስትከፍት መሳቢያ ስትዘጋ ስለምትውል የሕንፃው ሰው ሁሉ «እመት መሳቢያ» ይላታል። መጀመሪያ መጀመሪያ ትቆጣ ነበር፤ በኋላ ለመደችው፤ አሁን ስልክ ሲደወል ራሷም «አቤት፣ መሳቢያ ነኝ» ትላለች።

የአዳራሹ አቀማመጥ እንዲህ ነው። ምርጫ ያሸነፈ በመስኮቱ በኩል ይቀመጣል፤ ብርሃኑም ነፋሱም ያለው እዚያ ነው። የተሸነፈ በበሩ በኩል ይቀመጣል፤ እዚያ ደግሞ የሚገባ የሚወጣው ሁሉ ትከሻውን እየገፋው ያልፋል። ንግግሮቹ ታዲያ መዝገብ ቤት የሚቀመጡት በሰው ስም አይደለም፣ በፓርቲም አይደለም፤ በወንበር ነው። ሥራውን ያስተማሯት ሽማግሌ፣ «አየሽ ልጄ፣ ሰዎቹ በየምርጫው ይቀያየራሉ፤ ወንበሮቹ ግን ወለሉ ላይ በቡሎን ታስረዋል። እኛ ደግሞ በየአምስት ዓመቱ ወረቀት ከመሳቢያ ወደ መሳቢያ ስናግዝ አንኖርም» ብለዋት ነበር። ስንፍና ይሁን ብልሃት እስከ ዛሬ አልገባትም፤ ሥርዓቱ ግን ያው ሆኖ ቀረ። «የመስኮት ወገን፣ አንደኛ ወንበር» የሚለው ፋይል ሲከፈት፣ በዚያ ወንበር ላይ የተቀመጠ ሁሉ የተናገረው እዚያው ተደርድሮ ይገኛል።

ሽማግሌው ያስተማሯት ሌላም ነገር ነበር። መዝገብ አይፋቅም፣ አይቀደድም። ተናጋሪው «ተሳስቼ ነበር» ካለ ግን በየፋይሉ መጨረሻ «እርማት» የሚል ገጽ አለለት፤ እዚያ ላይ ያስጽፋል። በሃያ ሁለት ዓመት ውስጥ ያ ገጽ ላይ አንዲት መስመር ያስጻፈ ሰው የለም። ጉድ እኮ ነው! አርባ ሰው በየሳምንቱ እየተነሣ ሲናገር ከርሞ አንድም የተሳሳተ የለም!

ፓርቲዎቹ ሁለት ናቸው። የአንደኛው የምርጫ ምልክት ዣንጥላ ስለሆነ ሰው ዣንጥላዎች ይላቸዋል፤ የሌላኛው ቁልፍ ስለሆነ ቁልፎች ይባላሉ። ከአምስት ዓመት በፊት በመስኮቱ በኩል ቁልፎች ነበሩ፤ አሁን ዣንጥላዎች ናቸው።

እመት መሳቢያ ለራሷ ዣንጥላም ቁልፍም አይደለችም። ሁለቱንም ስለምትጽፋቸው ሁለቱም ጆሮዋን አሰልችተውታል። ቤቷ ግን ሌላ ነው። አብረዋት የሚኖሩት አባቷ፣ ጡረታ የወጡት አናጢ፣ ዣንጥላ ናቸው፤ ያውም የለየለት ዣንጥላ። ዝናብ ዘንቦ ቤቱ ቢያፈስ እንኳ ቁልፎች ያደረጉት ይመስላቸዋል። ቤታቸው ኮረብታው አናት ላይ ነው። ከኮረብታው የሚያወርደውና ወደ ኮረብታው የሚያወጣው ደግሞ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ሰባት ቁጥር አውቶቡስ።

ጧት ጧት ሁለት ሰዓት ሲል አናጢው ሰባት ቁጥርን ይሳፈራሉ። ከሾፌሩ ጀርባ ሁለተኛው ወንበር ላይ፣ በመስኮቱ በኩል፣ የእሳቸው ቦታ ነው። አጠገባቸው የሚቀመጡት ጎረቤታቸው ፀጉር አስተካካዩ ናቸው። ሱቃቸው ታች ገበያው ጥግ ነው፤ አናጢውም ቀኑን ሙሉ እዚያ ተቀምጠው ጋዜጣ ሲያነቡ፣ የሚላጨውን ሰው ሲያሳስቁ ይውሉና ማታ አብረው ይመለሳሉ። ፀጉር አስተካካዩ እንግዲህ ቁልፍ ናቸው። ከኮረብታው እስከ ገበያው ያለው ሃያ አምስት ደቂቃ በክርክር ያልቃል። ሾፌሩ ክርክሩ ሲጥመው መንዳቱን ቀስ ያደርገዋል፤ ተሳፋሪውም «ኧረ አባ፣ ሥራ ረፈደብን!» እያለ ይጮህበታል፤ ግን እሱም ጆሮውን አቁሞ ይሰማል።

ከአምስት ዓመት በፊት፣ መንግሥት የነበሩት ቁልፎች ሰባት ቁጥርን ለመዝጋት አሰቡ። ያን ጊዜ አናጢው አውቶቡሱ ውስጥ ብድግ ብለው፣ «ሽማግሌን በጉልበቱ ሽቅብ የሚያስወጣ መንግሥት ልብ የለውም!» ብለው ጮኹ። ፀጉር አስተካካዩ ደግሞ፣ «አንተ ሰው፣ በእግር መሄድ እኮ ጤና ነው። መንግሥት ስንቱን ይሸከም?» አሉ። ምክር ቤቱ ውስጥ ሁለት ቁልፎች ኮረብታው ላይ ይኖሩ ስለነበር ከወገናቸው ተለይተው እጃቸውን አላወጡም፤ ሐሳቡም በሁለት ድምፅ ወደቀ። አናጢው ያን ቀን ለተሳፋሪው ሁሉ ከረሜላ አደሉ። ለፀጉር አስተካካዩም ጭምር፣ ያውም ሁለት።

ከዚያ ምርጫ መጣ፤ ዣንጥላዎች ወደ መስኮቱ፣ ቁልፎች ወደ በሩ ሄዱ።

አንድ ሰኞ ጧት እመት መሳቢያ ጠረጴዛ ላይ አንድ ወረቀት ተቀምጦ አገኘችው። «ሰባት ቁጥር የአውቶቡስ መስመርን ስለ መዝጋት የቀረበ የውሳኔ ሐሳብ» ይላል። «ምነው፣ ይህን አሮጌ ወረቀት ማን አወጣው?» አለችና ልትመልሰው መሳቢያውን ሳበች። መልሳ ቀኑን አየችው። የዚያው ሳምንት ነው። ፈራሚው የመስኮት ወገን አንደኛ ወንበር፤ የዣንጥላዎቹ መሪ ማለት ነው፤ ድምፁ ወፍራም ስለሆነ ሰው «ጎርናናው» የሚለው። ያ ከአምስት ዓመት በፊት በበሩ በኩል ቆሞ ስለ ኮረብታው ሽማግሌዎች እንባውን የጠረገ ሰውዬ! እመት መሳቢያ አፏን በእጇ ያዘች።

ማታ ቤት ስትገባ አባቷ ሾርባ እየጠጡ ነበር። ነገረቻቸው። ማንኪያቸው አየር ላይ ቀረ። እሷም አሁን ጠረጴዛውን ይደበድቡታል ብላ ጠበቀች።

«እንግዲህ፣» አሉ ቆየት ብለው፣ «የኛዎቹ ያለ ምክንያት አያደርጉትም።»

«አባባ!»

«ምን አባባ ትያለሽ? መንግሥት መሆን ቀላል መሰለሽ?»

«ያኔ ልብ የለውም ብለህ ስትጮህ አልነበረም እንዴ? ሾፌሩ አውቶቡሱን እስኪያቆም ድረስ?»

«ያኔ ሌላ ነው።»

«ምኑ ነው ሌላ?»

«ያኔ እነሱ ነበሩ» አሉና ሾርባቸውን ቀጠሉ።

ልጃቸው ሳህኗን አንሥታ ወደ ማድቤት ሄደች። እሳቸው ግን በዚያ አላበቁም። «ደግሞ ጉልበቴ ደህና ነው፤ በእግሬ እወርዳለሁ» ብለው ከኋላዋ ጮኹ።

በማግሥቱ እውነትም በእግራቸው ወረዱ። ግትርነት ከአናጢነት ጋር አብሮ የሚመጣ ነገር ሳይሆን አይቀርም። ሰባት ቁጥር መጥቶ ፌርማታው ላይ ሲቆምላቸው እንዳላየ ሆነው ጥጉን ይዘው ቁልቁል ተጓዙ። እመት መሳቢያ አውቶቡሱ ውስጥ ሆና በመስኮት አየቻቸው፤ አንድ እጃቸው አጥሩ ላይ፣ አንድ እጃቸው ጉልበታቸው ላይ። ከሾፌሩ ጀርባ ሁለተኛው ወንበር ባዶ ነበር። ባዶ እንኳ አይባልም፤ ፀጉር አስተካካዩ ባርኔጣቸውን አስቀምጠውበታል። አንድ ወጣት ሊቀመጥ ሲል፣ «ሰው አለው» አሉት።

«የታለ ሰውየው፣ አባት?»

«ይመጣል» አሉ ፀጉር አስተካካዩ፣ ፊታቸውን ወደ ውጭ አዙረው። ከዚያ ወደ እመት መሳቢያ ዘወር አሉና፣ «አባትሽ ምን ሆኖ ነው እንደ ጎረምሳ የሚወርደው?» አሏት።

«ይዘጋ ያለው የራሱ ፓርቲ ስለሆነ ነው፣ ጋሼ።»

«ጉድ ነው! ሽማግሌ በእግሩ የሚያስኬዱ፣ ልብ የሌላቸው ሰዎች እኮ ናቸው!» አሉ ፀጉር አስተካካዩ። እመት መሳቢያ «በእግር መሄድስ ጤና አልነበረም?» ልትላቸው ፈልጋ ባርኔጣውን አየችና ተወችው።

አናጢው በሦስተኛው ቀን መውረዱንም ተዉት። ለነገሩ መውረዱ አይደለም የገደላቸው፤ መውጣቱ ነው። ማታ አንድ ሰዓት ተኩል ሙሉ እየተቀመጡ እየተነሡ ወጥተው፣ በር ላይ ሲደርሱ ከንፈራቸው ደርቋል። ልጃቸው ለብ ያለ ውሃ በጨው አድርጋ እግራቸውን ስትነክር ጉልበታቸው እንደ ዳቦ አብጧል። «ያምሃል?» አለቻቸው። «አያመኝም» አሉ፣ ጥርሳቸውን ነክሰው። አንጀቷን በሏት። የጨዋታ ጓደኛቸውን፣ ሱቁን፣ ጋዜጣውን፣ ያን ሁሉ ሳቅ ለአንድ ምልክት ብለው ሊያጡት ነው፤ ደግሞ አፋቸውን ሞልተው አያመኝም ይላሉ። አውቶቡሱ ከተዘጋ እኚህ ሰውዬ ከዚህ ወንበር ላይ ላይነሡ ነው ብላ አሰበች፤ ዓይኗም እንባ ሞላ። ጨው ነው ብላ ጠረገችው።

ስብሰባው ሊደረግ አንድ ቀን ሲቀረው ጎርናናው ራሱ ወደ መዝገብ ቤት ወረደ። ስልኩ ጆሮው ላይ ነው፤ አንድ የምርቃት ሥነ ሥርዓት ላይ መድረስ አለበት፤ ንግግር ለመጻፍ ጊዜ የለውም።

«እህቴ፣ ሰባት ቁጥርን በተመለከተ የተነገረውን ፋይል አምጪልኝ።»

«የትኛውን፣ ክቡርነትዎ? እርስዎ የተናገሩት የበር ወገን ፋይል ውስጥ ነው ያለው። እሱ ደግሞ አይዘጋ የሚል ነው።»

«እሱን ምን ያደርግልኛል? ያኔ ተቃዋሚ ነበርኩ። አሁን የማነው ወንበር ላይ ነው ያለሁት?»

«የመስኮት ወገን፣ አንደኛ።»

«በቃ፣ የዚያን ወንበር አምጪ።»

«ያ እኮ የቁልፎቹ መሪ የተናገሩት ነው…»

«ወንበሩ የኔ ነው፣ አይደለም?» አለና በስልኩ ውስጥ ላለው ሰው ሳቀ። «ይዘጋ የሚል ንግግር ነው የምፈልገው፤ ይዘጋ ይላል? ይላል፤ አለቀ!»

ዓይኑን በጨው ያጠበ ሰው እንዲህ ነው። እሷም አንድ ነገር ልታስታውሰው ሞከረች። በደንቡ አንቀጽ አሥራ ሁለት አንድ ጊዜ የወደቀ ሐሳብ በስድስት ዓመት ውስጥ ተመልሶ መቅረብ የሚችለው አዲስ ምክንያት ካለው ብቻ ነው። «ክቡርነትዎ፣ አንቀጽ አሥራ ሁለት ላይ…» ብላ ስትጀምር እጁን አወናጨፈና፣ «አንቀጹን ለኔ ተዪው» ብሎ ቅጂውን ይዞ ወጣ። ሁለተኛ አልሞከረችም። ለምን ትዋሻለች? መሞከር ትችል ነበር፤ ግን ያን ያበጠ ጉልበት እያሰበች ዝም አለች።

ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ደግሞ የቁልፎቹ መሪ ጸሐፊውን ላከ። ይህ መሪ ወፍራም መነጽር ስለሚያደርግ ሰው «ባለመነጽሩ» ይለዋል። ጸሐፊው ምን ቢል ጥሩ ነው? «የበር ወገን አንደኛ ወንበር ስለ ሰባት ቁጥር የተናገረውን ስጪን፤ አይዘጋ የሚለውን።» እመት መሳቢያ ይህን ጊዜ ፋይሉን አወጣችና ገልብጣ ሰጠችው።

የስብሰባው ዕለት አዳራሹ ጢም አለ። ኮረብታው ላይ የሚኖሩ ሰዎች ከኋላ የእንግዳ ወንበሮቹ ላይ ተቀምጠዋል፤ ፀጉር አስተካካዩም ሱቃቸውን ዘግተው መጥተዋል። አናጢው ቤት ናቸው፤ እግራቸው ትራስ ላይ ነው። እመት መሳቢያ ከአፈ ጉባኤዋ ወንበር በታች ያለችው ትንሽ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጣለች፤ ሁለቱም ፋይሎች ፊቷ ናቸው።

ጎርናናው ተነሣ። «ክቡራን የምክር ቤት አባላት! ሰባት ቁጥር አውቶቡስ ከሚጭነው ሰው የሚያቃጥለው ነዳጅ ይበልጣል። ይህ ያለፈው መንግሥት ያወረሰን ሸክም ነው። ደግሞስ በእግር መሄድ ጤና አይደለምን?» እመት መሳቢያ በእርሳሷ ጫፍ መስመር በመስመር ትከተለዋለች። አንዲት ቃል አላጎደለም። ከአምስት ዓመት በፊት ይህን ንግግር ባለመነጽሩ ሲያደርግ ጎርናናው ፊት ለፊቱ ተቀምጦ ነበር፤ ግን መቼ አቋርጬ ልጩህ እያለ ሲጠብቅ ስለነበር አንዱንም አልሰማውም። ባለመነጽሩም ዛሬ የገዛ ንግግሩን አላወቀውም፤ የራሱን ወረቀት እያገላበጠ ነው።

ከዚያ ባለመነጽሩ ተነሣ። «ወላጆቻችንን በጉልበታቸው ሽቅብ የምታስወጡ እናንተ ሰዎች፣ ልብ የላችሁም ወይ? ኮረብታው ላይ አንድ አባት አለ፤ ዕድሜውን ሙሉ የሌላውን ሰው በር ሲሠራ ኖሮ ዛሬ የገዛ በሩን የምትዘጉበት!» ድምፁ ተንቀጠቀጠ። እመት መሳቢያ ከአምስት ዓመት በፊት ስትጽፍ በቅንፍ «ተናጋሪው እዚህ ላይ ውሃ ጠጡ» ብላ አስፍራ ነበር። ባለመነጽሩ ቅንፉ ጋ ሲደርስ ብርጭቆውን አንሥቶ ውሃ ጠጣ። ሁለት መስመር ዝቅ ብሎ «ተናጋሪው እንባቸውን ጠረጉ» ይላል። መነጽሩን አወለቀና ዓይኑን ጠረገ። እመት መሳቢያ ሳቋን ለመዋጥ ከንፈሯን ነከሰች።

አፈ ጉባኤዋ በዕድሜ የገፉ፣ ለስላሳ ሴት ናቸው፤ ከሁለቱም ወገን አይደሉም፣ እንቅልፍ ግን ይወስዳቸዋል ይባላል። ድምፅ ከመሰጠቱ በፊት ሁልጊዜ መዝገብ ያዥዋን የሚጠይቁት ጥያቄ አለ፤ ሥርዓት ስለሆነ ብቻ ይጠየቃል።

«መዝገብ ያዥ፣ ይህ ሐሳብ ባለፉት ስድስት ዓመታት ቀርቦ ወድቆ ያውቃል?»

ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ መልሷ «አያውቅም» ነበር። ተነሣች። የመስኮቱን ወገን ፋይል አነሣች።

«ያውቃል፣ ክብርት አፈ ጉባኤ።»

አፈ ጉባኤዋ ዓይናቸውን ከፈት አደረጉ። ሁለተኛውን ጥያቄ ጠይቀውት ስለማያውቁ ካርዱን ከመሳቢያቸው ፈልገው እስኪያወጡ ድረስ ሰው ሁሉ ጠበቀ።

«እ… እንግዲያው፣ አሁን የቀረበው ምክንያት አዲስ ነው ወይስ ያው ነው?»

እመት መሳቢያ ወደ ጎርናናው አየች። ጭንቅላቱን በቀስታ እየነቀነቀ ነው፤ ማስጠንቀቂያ ነው። የውሃ ቆጣሪ አንባቢ አድርጎ ሊያዛውራት ይችላል፤ በአንድ ፊርማ። ግን የተጠየቀችው ወረቀቱ ላይ ስላለው ነው፤ ወረቀቱ ደግሞ እጇ ላይ ነው።

«ያው ነው፣ ክብርት አፈ ጉባኤ። ከቀኑ በስተቀር ቃል በቃል ያው ነው።»

ጎርናናው ብድግ አለ። «ማስረጃ! ማስረጃ ታቅርብ!»

ፋይሉን ገለጠችና ማንበብ ጀመረች። «ሰባት ቁጥር አውቶቡስ ከሚጭነው ሰው የሚያቃጥለው ነዳጅ ይበልጣል። ይህ ያለፈው መንግሥት ያወረሰን ሸክም ነው…» ሦስተኛው መስመር ላይ ስትደርስ ከእንግዶቹ ወንበር ሳቅ ተነሣ።

«የማነው ይህ ንግግር?» አሉ አፈ ጉባኤዋ።

«የመስኮት ወገን፣ አንደኛ ወንበር።»

«ማን ነበር ያኔ የተቀመጠበት?»

መልስ መስጠት አላስፈለጋትም፤ ሰው ሁሉ ወደ ባለመነጽሩ ዞረ። ባለመነጽሩ መጀመሪያ ደነገጠ፤ ቀጥሎ ግን ገባውና ፊቱ በራ። «አያችሁ! ንግግር እንኳ የራሳቸው የላቸውም! የኛን ሰርቀው ነው የሚያነቡት!» ብሎ ጠረጴዛውን መታ። የገዛ ንግግሩ ዛሬ የሚሟገትለትን መስመር ይዘጋ የሚል መሆኑን ለማሰብ ጊዜ አላገኘም።

አፈ ጉባኤዋ ግን ነቅተዋል። ያን ቀን የነቁትን ያህል ነቅተው አያውቁም። «የእርስዎስ ንግግር አዲስ ነበር?» ብለው ወደ ጠረጴዛዋ ጎንበስ አሉ። «መዝገብ ያዥ?»

«የበር ወገን፣ አንደኛ ወንበር ከአምስት ዓመት በፊት የተናገረው ነው» አለች እመት መሳቢያ። «ቃል በቃል። ውሃውም እንባውም ሳይቀር።»

ከዚያ በኋላ አዳራሹን ዝም የሚያሰኘው ጠፋ። ኮረብታው ሁሉ ሆዱን ይዞ ሳቀ። የመስኮቱም የበሩም ሰዎች አንገታቸውን ደፍተው ሳቃቸውን በወረቀት ሸፈኑ። ፀጉር አስተካካዩ ብቻ አልሳቁም፤ ባርኔጣቸውን ጭናቸው ላይ ይዘው አንድ ነገር ያስባሉ።

«በአንቀጽ አሥራ ሁለት መሠረት ሐሳቡ ለድምፅ አይቀርብም» አሉ አፈ ጉባኤዋ። «ሰባት ቁጥር ይቀጥላል።» ጭብጨባው እስኪያልቅ ጠበቁና፣ «ከመዝጋታችን በፊት ግን፣ ከሁለቱ ወገን እርማት የሚያስጽፍ አለ?» ብለው ጠየቁ። እመት መሳቢያ ብዕሯን አንሥታ ባዶውን ገጽ ገለጠች። ጎርናናው ስልኩን ያያል። ባለመነጽሩ መነጽሩን ይወለውላል። ገጹ ባዶውን ተዘጋ።

ማታ ሊወጣ ሲል ጎርናናው በመዝገብ ቤቱ በር ብቅ ብሎ፣ «መዝገብ ቤት ብዙ ቆየሽ መሰለኝ» አላት፣ ፈገግ እያለ። ሌሊቱን በደንብ አልተኛችም። በማግሥቱ ጧት ግን ፌርማታው ላይ ስትደርስ፣ ገና ሙጫው ያልደረቀ ሁለት ትልልቅ ወረቀት ተለጥፎ አገኘች። አንደኛው ከዣንጥላ ሥዕል ጋር፣ «የሕዝቡን ድምፅ ሰምተን ሰባት ቁጥርን ያዳንን እኛ ነን!» ይላል። ሁለተኛው ከቁልፍ ሥዕል ጋር፣ «ሰባት ቁጥርን ከመዘጋት ያስጣልን እኛ ነን!» እመት መሳቢያ እፎይ አለች። አዳንኩ ብሎ የለጠፈ ሰው ያዳነችውን ሴትዮ የውሃ ቆጣሪ እንድታነብ ሊልካት አይችልም።

አባቷ አጠገቧ ምርኩዛቸውን ይዘው ቆመዋል። ከጉልበት ሕመሙ ወዲህ ዛሬ ገና መውጣታቸው ነው። ወረቀቶቹን አንድ በአንድ፣ ቀስ ብለው አነበቡ።

ሰባት ቁጥር መጣ። ሾፌሩ ሲያያቸው ጥሩንባውን ሁለት ጊዜ ነፋ። ፀጉር አስተካካዩ ከሾፌሩ ጀርባ ሁለተኛው ወንበር ላይ ካለችው ባርኔጣቸው ጋር ተቀምጠዋል። ባርኔጣቸውን አነሡና ራሳቸው ወደ መስኮቱ ጠጋ አሉ። «በዳር በኩል ተቀመጥ፤ እግርህን ዘርጋ» አሉ። አናጢው ሃያ ዓመት ከመስኮቱ ተነሥተው አያውቁም፤ ግን ተቀመጡ፣ እግራቸውንም ዘረጉ።

አውቶቡሱ ቁልቁለቱን ጀመረ። ሁሉም ጆሮውን አቁሟል፤ ዛሬ ክርክሩ ጉድ ነው የሚሆነው። ማን ነው ያዳነው? ዣንጥላ ነው ወይስ ቁልፍ? ሾፌሩ ገና ከመነሻው ቀስ ብሎ ነው የሚነዳው።

አናጢው ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ወደ ልጃቸው ዞረው፣ «ብዕር ይዘሻል?» አሏት።

«ይዣለሁ፣ አባባ። ምነው?»

«እርማት አለኝ።»

እመት መሳቢያ ቦርሳዋን ከፈተች። ወረቀት አልያዘችም፤ የአውቶቡስ ቲኬቷን ገለበጠች።

«ጉልበቴ ደህና ነው ብዬ ነበር» አሉ አባቷ፣ አውቶቡሱ ሁሉ እየሰማ። «ያመኛል። ያኔም ያመኝ ነበር። የኛዎቹ ምክንያት አላቸው ብዬም ነበር፤ አልነበራቸውም። ጻፍሽው?»

«እየጻፍኩ ነው» አለች። ፊደሎቹ ይደበዝዙባታል፤ ዓይኗ እንባ ሞልቷል፤ ዛሬ ደግሞ ጨው ነው ብላ የምታመካኝበት የለም።

ፀጉር አስተካካዩ ባርኔጣቸውን በእጃቸው ሁለት ሦስት ጊዜ አዞሩ። ወደ መስኮቱ አዩ፤ ወደ ጓደኛቸው እግር አዩ።

«ቦታ ተረፈሽ፣ ልጄ?» አሉ በመጨረሻ።

«ትንሽ አለ፣ ጋሼ።»

«እንግዲያው ከሥሩ ጻፊ። ያኔ በእግር መሄድ ጤና ነው ያልኩት እኔ ነኝ። በሕይወቴ ያንን ኮረብታ በእግሬ ወጥቼው አላውቅም።»

ሾፌሩ መታጠፊያውን ሊስተው ምንም አልቀረውም። ከኋላ አንዲት ሴት፣ «ኧረ በፈጠራችሁ፣ ሥራ ረፈደብን!» ብላ ጮኸች። አናጢው ሳቁ፤ ከሳምንት ወዲህ ገና መሳቃቸው ነው። ከዚያ ፀጉር አስተካካዩን በክርናቸው ጎሰም አድርገው፣ «ለማንኛውም የኮረብታውን የቧንቧ ውሃ ጉዳይ በተመለከተ ግን፣ የእናንተ ሰዎች…» ብለው ጀመሩ።

እመት መሳቢያ ቲኬቷን በጥንቃቄ አጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው። ቢሮ ስትደርስ የት እንደምታስቀምጠው ታውቃለች።